ገመቹን የዳርሁበት ደብተር

ባለፈው ሐሙስ ጎረቤቴ ወይዘሮ አሰገደች ለጠላ የምትቆላውን አሻሮ አሳረረችው። እሷ በአጥር ላይ ወሬ ይዛ ነው፤ የገብሱ ጢስ ግን አጥሩን ተሻግሮ፣ በመስኮቴ ገብቶ፣ አልጋዬ ድረስ መጣ። ሌላ ሰው ቢሆን መስኮቱን ይዘጋል። እኔ ተነስቼ አንገቴን አውጥቼ እንደ ሞኝ ሳሸት ቆየሁ። ያረረ ገብስ ለኔ የጠላ ሽታ አይደለም፣ የቀለም ሽታ ነው። አባቴ ቡልጋ ውስጥ ዳዊት የሚጽፍበትን ጥቁር ቀለም የሚያዘጋጀው ገብስ አሳርሮ፣ ከጥላሸትና ከቅጠል ጋር ወቅጦ፣ ወራት ሙሉ በእንስራ አስቀምጦ ነበር። እኔም ጎረምሳ ሆኜ ወደ አዳማ ስወርድ በቀንድ ሞልቼ የያዝሁት ያንን ቀለም ነው፤ ሌላ ሀብት አልነበረኝም።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ወጣት አስተማሪዎች ሊጠይቁኝ መጡ። ተማሪዎቻቸው መጽሐፎቼን ያነባሉ አሉ። አንደኛዋ እርሳሷን ቀስራ «ጋሼ፣ ያንን ሁሉ የሌለ አገር ከየት ነው የሚያመጡት? የአጻጻፍ ሂደትዎ ምን ይመስላል?» አለችኝ። ሂደት የሚባል ነገር እንደ ነበረኝ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ጉልበቴን ያመኛል፤ ዓይኔ ከመነጽሩ ጋር ተጣልቷል፤ ስለ ሌሉ አገሮችና በውስጣቸው ስለሚኖሩ የሌሉ ሰዎች ሰባት መጽሐፍ ጽፌ፣ ከሰባቱ አንዱን እንኳ ዛሬ አንስቼ ለማንበብ አቅሙ የለኝም። ደከመኝ፤ እውነቱ ይሄ ነው። ልጆቹን «ዝም ብሎ ይመጣል» ብዬ በሻይ ሸኘኋቸው። ከሰባቱ በፊት አንድ ሌላ እንደ ነበረ አልነገርኋቸውም። ከሄዱ በኋላ ግን ያ ገብስ አልለቀቀኝም።

ያን ጊዜ አዳማ ገና ናዝሬት አልተባለችም። ከተማ ለመባልም ትንሽ ይቀራት ነበር። ጣቢያው፣ ከጣቢያው ፊት ለፊት በቆርቆሮ የተከደኑ አምስት ስድስት ሱቆች፣ ከዚያ ወዲያ የሣር ጎጆ፣ ከዚያ ወዲያ ግራርና አቧራ። አቧራው ዱቄት ነበር የሚመስለው፤ ከባቡር የወረደ ሰው ሁሉ እስከ ሱቆቹ ሲደርስ ወፍጮ ቤት የዋለ ይመስላል። የሴቶቹ ልብስ ከዐረቡ ሱቅ የሚገዛ አቡጀዲድ ነበር፤ የወንዶቹ ተነፋነፍ ሱሪና ካኪ ኮት፤ ከአዲስ አበባ የሚወርዱት ሹማምንት ደግሞ በዚያ ሙቀት ጥቁር ካባ ደርበው፣ ሰፊ ባርኔጣ ደፍተው፣ ላባቸው እስከ አንገታቸው ይወርዳል። ከጣቢያው ጀርባ ባለው ጠጅ ቤት የሚመታው ክራር አንድ ክሩ ሁልጊዜ የረገበ ነበር። እስከ ዛሬ በደንብ የተቃኘ ክራር ስሰማ አንድ ነገር የጎደለው ይመስለኛል። በአንድ ጠገራ ብር ሙክት ይገዛ ነበር ብል ዛሬ ልጆቹ ይስቁብኛል፤ ወረቀት ግን ውድ ነበር። ግሪኩ ሱቅ የሚሸጠው ጀርባው ሰማያዊ የሆነ ወፍራም ደብተር የወጠጤ ዋጋ ያወጣል። እኔ ያንን ደብተር ለመግዛት ስንት ሳምንት ጦሜን እንደ ዋልሁ አሁን ብነግራችሁ ራሴ አላምነውም።

የምሠራው ከወሎዬው ልብስ ሰፊ ከሰይድ በረንዳ ላይ ነበር። እሱ በስፌት መኪናው ይሰፋል፤ እኔ አጠገቡ ሳጥን ላይ ተቀምጬ ለሰው ደብዳቤና አቤቱታ እጽፋለሁ። «እኔ ሰው አለብሳለሁ፣ አንተ ገበናውን አውጥተህ ታራቁታለህ» ይለኝ ነበር ሰይድ፣ መርፌውን በከንፈሩ እንደ ያዘ። ባቡሩ በቀኑ ይመጣል፤ ሰዓቱን ግን ረቢ ያውቃል። ከብት ሐዲዱ ላይ ይተኛል፣ አሸዋ ይገባበታል፣ ብቻ ተሳፋሪው ዕቃውን ይዞ ከሰይድ በረንዳ ጥላ ሥር ይሰበሰባል። ያን ሁሉ ሰው ሥራ ፈትቶ ሲያዛጋ ማየት ነው ደብተሩን ያስገዛኝ። እንዲህ ነው እንግዲህ ሂደቱ፤ ሰው ሲያዛጋ አይቼ።

አንድ ጊዜ አርሲ ነገሌ እህል ሊጭኑ ከሚወርዱ ነጋዴዎች ጋር በበቅሎ ሄጄ ነበር። ዝዋይን በግራ ትተን አልፈን ላንጋኖ ስንደርስ ወረድሁና እጄን ልታጠብ ጎንበስ አልሁ። ውሃው ቡናማ ነው፤ እጅህን እስከ ክርንህ ብትነክር ጣትህ አይታይህም። ዝዋይ ላይ ደሴት አለ፣ ገዳም አለ፣ ታንኳ አለ፤ ሰው ያውቀዋልና ምንም ብትለው አይቀበልህም። ታቹ የማይታይ ውሃ ግን የፈለግኸውን ያስቀምጥልሃል። እኔ ከተማ አስቀመጥሁበት። ደጃፉ ከጨው ድንጋይ የሆነ፣ ጎዳናው ላይ ነፋስ በማሰሮ የሚሸጥበት፣ ንጉሡ በዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚተነፍስ ከተማ። ዛሬ ዳሩ ላይ ሆቴል ተሠርቷል። አምና የእህቴ ልጅ በመኪናው ወሰደኝ፤ ልጆች በኳስ እየተጫወቱ ይንቦጫረቁበታል። የምትረግጡት የከተማዬን ጣሪያ ነው ብዬ ለማን ልንገር? ለስላሳዬን ጠጥቼ ተመለስሁ።

ስጽፍ የአባቴን ልማድ አልተውሁም። ቁም ጸሐፊ መጽሐፍ ሲጽፍ መጀመሪያ ጥቁሩን ይጨርሳል። የቅዱስ ስም ወይም መጽሐፉን ያስጻፈው ሰው ስም የሚገባበትን ቦታ ባዶ ይተወዋል፤ ኋላ ቀይ ቀለም በጥብጦ ስሙን ያስገባል። እኔም በከተማዬ ታሪክ ውስጥ የመንገደኛውን ስም ባዶ ተውሁት፤ ማን ሊባል እንደሚገባው አላውቅም ነበርና። ባቡር ለሚጠብቀው ሰው ጮክ ብዬ ሳነብ ግን ባዶ ቦታ አይነበብም። ስለዚህ በረንዳው ላይ ከፊቴ የተቀመጠውን ሰው ስም እከትበታለሁ። አንድ ቀን መንገደኛው በቅሎ ነጂው በየነ ነው፣ አንድ ቀን ሐጂ ኡመር ነው፣ አንድ ቀን የጣቢያው ዘበኛ ነው። ሰዉ አበደ። ዘበኛው ከነፋስ ሻጮቹ ጋር ሲጣላ በሰማ ጊዜ «ደግ አደረግሁ» ብሎ ተነስቶ ቆመ። ባቡር ደርሶ ፊሽካው ሲነፋ «ቆይ፣ መጨረሻዬን ልስማ» ብሎ የቀረ ሰው አውቃለሁ።

አሁን አስተማሪዎቹ ልብ ወለድ የሚሉት ቃል ያን ጊዜ አዲስ አበባ ደርሶ ከነበረም፣ አዳማ ላይ ከባቡር አልወረደልንም። ተረት ይነገራል እንጂ አይጻፍም። የተጻፈ ነገር ወይ የእግዚአብሔር ቃል ነው፣ ወይ የመንግሥት ትእዛዝ ነው፣ ወይ የመሬት ውል ነው። ሰይድ አንድ ቀን መኪናውን አቁሞ ጠየቀኝ። «ይሄን አገር አይተኸው ነው ወይስ አልመኸው?»

«አስቤው ነው።»

«ወላሂ ሰው ያሰበውን ይጽፋል እንዴ? ማሰብማ ሁሉም ያስባል» አለና ስፌቱን ቀጠለ። እኔም ሳቅሁ። ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየ በሬ ማለት ያን ጊዜ እኔ ነበርሁ።

አዴ ጫልቱ ከአዋሽ ማዶ የግማሽ ቀን መንገድ ተጉዛ ለገበያ የምትመጣ ባልቴት ነበረች። አንድ ልጇ ገመቹ ከአምስት ዓመት በፊት ከዚሁ ጣቢያ ተሳፍሮ፣ ጅቡቲ ወደብ ሸክም ልሥራ ብሎ ሄዶ፣ በዚያው ቀርቷል። ደብዳቤ ልታስጽፍ መጣች። አማርኛው ይከብዳት ስለ ነበር በኦሮምኛ ነው የምናወራው፤ እኔም ሁለት ሦስት ዓመት ከገበያው ውስጥ ለቅሜው ነበር።

«ምን ብዬ ልጻፍልዎ?» አልኋት።

«ላሟ ወለደች በለው።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን አለ ኢልማ ኮ? ላሟ መውለዷን ከሰማ ይመጣል» አለችኝ። ኢልማ ኮ ልጄ ማለት ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዲያ ነው የጠራችኝ። ስለ ላሟ ጻፍሁ፤ ደብዳቤውን ወደብ ለሚሠራ የአገሯ ሰው እንዲያደርሱት ለባቡር ሠራተኞች ሰጠሁላት።

ከዚያ በሳምንቱ ይመስለኛል፣ መንገደኛው ላንጋኖ ውስጥ ሰምጦ ከተማዋ የሚደርስበትን፣ ሰዎቹም በክብር ተቀብለው «ከእንግዲህ የኛ ነህ» የሚሉበትን ክፍል ማንበብ ጀመርሁ። ከፊቴ የተቀመጠው ስሙን መጥራት የማልችለው አንድ ፈረንጅ ነበር። ዓይኔን ባዶው ቦታ ላይ ሳደርግ አፌ ላይ የመጣልኝ ገመቹ ነው። ምን ቆርጦኝ እንደ ሆነ አላውቅም። ከአዋሽ ማዶ የመጣች አንዲት ወተት ሻጭ ቅሏን አቅፋ ቆማ ትሰማ ነበር።

በሚቀጥለው ገበያ ቀን አዴ ጫልቱ ገና በማለዳው በረንዳው ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ጸጉሯን ቅቤ ተቀብታለች። «ልጄ መጽሐፉ ላይ አለ አሉኝ» አለች።

«እናቴ፣ እሱኮ መጽሐፍ ነው...»

«አውቃለሁ። እኔ የፈራሁት ወተት ሻጯ ዋሽታኝ እንዳይሆን ነበር። መጽሐፍ ላይ ካለማ ደህና ነው።»

ያን ጊዜ «ከራሴ አውጥቼ የጻፍሁት ነው፤ ልጅዎን አላውቀውም» ብል ነገሩ ያልቅ ነበር። አላልሁም። ለምን ብትሉኝ አንጀቴን በላችኝ እላለሁ፤ እውነት ነው። ግን ደስም ብሎኝ ነበር፤ ይሄም እውነት ነው። አባቴ አርባ ዓመት ሲጽፍ ማንም እንደዚያ አፉን ከፍቶ አልሰማውም። ደብተሩን ገለጥሁና አነበብሁላት። ትንሽ ሰማችና እጇን አነሳች።

«ዓሣ በላ ነው ያልኸው?»

«ውሃ ውስጥ ያለ ከተማ ነዋ፣ እናቴ።»

«ገመቹ ዓሣ አይበላም። እኛ ዓሣ አንበላም። እዚያ ላም የለም?»

እንግዲህ ላም ማምጣት ግድ ሆነ። ሌሊት የሐይቁን ወለል የሚግጡ፣ ወተታቸው ቡናማ የሆነ ላሞች ወለድሁ። ላሙ ሲመጣ እረኛ መጣ፣ በረት መጣ፣ ጥጃ የሚሰርቅ ጅብ በሐይቅ ውስጥ ምን ይመስላል የሚል ጭንቀት መጣ። በየገበያው ቀን እየመጣች ታርመኛለች። ገመቹ ግራኝ ነው። በሬ ወግቶት ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል፤ የኛ አገር ውሃ እንደሚያደርገው ጥርሱ ቡናማ ነውና ያፍርበታል። ነፋስ ሻጮቹን፣ የጨው ደጃፉን፣ በዓመት አንዴ የሚተነፍሰውን ንጉሥ ማንም አላስታወሳቸውም፤ አፉን ሸፍኖ የሚስቀውን ልጅ ግን አዳማ ሁሉ ወደደው። ሰው መጻፍ ያስተማረችኝ ፊደል የማታውቅ ባልቴት ናት። አስተማሪዎቹ ይሄን ቢሰሙ ምን ብለው ይጽፉት ይሆን።

አንድ ቀን ባዶ ቦታዎቹን አየች። «ይሄ ነጩ ምንድን ነው?» አለች። የስሙ ቦታ ነው አልኋት። «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?» ቀይ ቀለም በጠበጥሁና ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ገመቹ፣ ገመቹ፣ ገመቹ እያልሁ ሞላሁት። በቅሎ ነጂው በየነ ሦስት ሳምንት አኮረፈኝ። ቀይ የገባ ስም እንደማይፋቅ እሱም ያውቃል።

ከዚያ የጅቡቲው መልስ መጣ። የባቡር ሠራተኛው የሰጠኝ አንድ ገበያ ቀን ጠዋት ነው። እንደኔው ለሰው የሚጽፍ አንድ ጸሐፊ የጻፈው ሦስት መስመር ነበር። ገመቹ የተባለው ሰው በንዳድ ታሞ ሞቷል፤ የአገሩ ሰዎች ቀብረውታል፤ ዕቃ አልተወም። ከሞተ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ደብዳቤውን ለሰይድ አነበብሁለት። «ተጠንቀቅ፣ ዛሬ እንዳትነግራት» አለኝ። ትክክል ነበር። መርዶ በገበያ አይነገርም፣ ለብቻም አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማለዳ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ደጁ ላይ ተቁሞ ነው የሚነገረው። ለባሏ ወንድም ለኦቦ ቱፋ መልእክት ልኬ ዝም ለማለት ወሰንሁ።

እሷ ግን በሰዓቷ መጣች። ያን ሳምንት ገመቹን ልድርላት ቃል ገብቼ ነበር፤ ክፍሉም ተጽፎ አልቋል። «አሞኛል» አልኋት። «አንብብና ታርፋለህ» አለች። ሰዉም ተሰብስቧል። ደብዳቤው በደረት ኪሴ ውስጥ ሆኖ የልጇን ሠርግ አነበብሁላት። ሙሽራይቱ የነፋስ ሻጩ ልጅ ነበረች። ገመቹ አፉን በግራ እጁ ሸፍኖ ሲስቅ፣ ሙሽራይቱ እጁን ስታወርድለትና ጥርሱን ስታይለት፣ አዴ ጫልቱ እልል አለች። ገበያተኛው ሴት ሁሉ ተከትሎ እልል አለ። ሰይድ መኪናውን አቁሞ መሬት መሬት ያይ ነበር። እኔ በሕይወቴ ብዙ ያፈርሁበት ነገር አለ፤ እንደዚያ ቀን ግን አፍሬ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎች ደብዳቤውን ከኔ ወስደው ማለዳ ደጇ ላይ ቆመው መርዶውን ነገሯት። ከሰዓት በኋላ ኦቦ ቱፋ አቧራ እንደ ለበሱ ደብዳቤውን ሊመልሱልኝ እኔ ዘንድ መጡ። ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። «ሄድን። ነገርናት። ሳቀችብን» አሉኝ። «በገበያው ቀን ያገባ ልጅ እንዴት ይሞታል አለችን። ደብዳቤውን ብናስነብብላት፣ ይሄን የጻፈው ልጄን የማያውቅ ሰው ነው፤ ጥርሱን እንኳ አልጻፈም አለች።»

ሽማግሌው ያንን ሲሉኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በሚቀጥለው ገበያ ቀን ኦቦ ቱፋ ባሉበት እውነቱን ነገርኋት። እናቴ፣ ሐይቁ ውስጥ ከተማ የለም፤ ከራሴ አውጥቼ ነው የጻፍሁት፤ ልጅዎን በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ ይቅር በሉኝ አልኋት። አልተቆጣችም። ወደ ኦቦ ቱፋ ዞር ብላ «ይሄን በል ያልኸው አንተ ነህ?» አለች፤ ለኔ ደግሞ «አይዞህ፣ አስፈራርተውህ ነው፤ ላሞቹ እንዴት ናቸው?» አለችኝ። ከዚያ ቅቤዋን ልትሸጥ ሄደች።

«አየህ» አሉ ኦቦ ቱፋ ቀስ ብለው። «ጎረቤቷ ሁሉ ራሱን ላጭቶ ልቅሶ ልቀመጥ ብሎ መጣ፤ እሷ ቅቤ ተቀብታ ትቀበለዋለች። ልጆች እብዷ እያሏት ነው። ይሄም ይሁን። የወንድሜ ልጅ ግን እንደ ውሻ ሞቶ፣ ያልተለቀሰለት ሆኖ ሊቀር ነው። እናቱ ካላለቀሰች ማን ያለቅስለታል?»

«ምን ላድርግ ኦቦ? ነገርኋት እኮ።»

«አንተ ዳርኸው። አንተ ግደለው።»

እንግዲህ ስለ ሂደት የሚጠይቁኝ ልጆች ይሄን ይስሙ። አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። መጀመሪያ ከሐይቁ አዞ ጋር ሲታገል ገደልሁት፤ ጀግና ሆኖ፣ ከተማውን አድኖ። አነበብሁትና ቀደድሁት፤ ገመቹ ጠብ ይፈራል፣ እናቱ ነግራኛለች። ቀጥሎ ንጉሡ በሚተነፍስበት ቀን ወደ ሰማይ እንዲሄድ አደረግሁት። ያም ሞት አልነበረም፤ ሐዘንም አያስቀምጥ። እጄ እሺ አላለኝም። ልጁን እወደው ነበር፣ ሌላ ምን ልበል። ስንት ወር አብሬው ውዬ አብሬው አድሬ፣ ላም ሰጥቼው፣ ሚስት ሰጥቼው። ሰይድ የቀደድሁትን ወረቀት ከመሬት እየለቀመ «ስንት ጊዜ ትሰፋዋለህ?» አለኝ። «ከፈን ኪስ የለውም፣ ጥልፍ የለውም። ቀጥ አድርገህ ስፋው።»

ያንን ሲለኝ የጅቡቲውን ደብዳቤ አወጣሁ። ሦስቱን መስመር ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ከነሱ ብዙም ሳልርቅ ጻፍሁ። ንዳድ ያዘው። ላብ አላበው፣ ብርድ አንቀጠቀጠው። እርጎ አማረው፤ ሚስቱ ከቡናማዋ ላም አምጥታለት ሁለት ጊዜ ፉት አለ። ስለ ቤቱ ላም አወራ። የአገሩ ሰዎች ቀበሩት። አንድ ገጽም አልሞላም።

ገበያ ቀን መጣች፣ በቦታዋ ተቀመጠች። ኦቦ ቱፋና አምስት ዘመዶቿ ከሰይድ መኪና ጀርባ ቆመዋል። ማንበብ ጀመርሁ። ሁልጊዜ በየመስመሩ የምታቋርጠኝ ሴት ያን ቀን አንድም ቃል አልተናገረችም፤ እጄን ነው የምታየው። በቀኝ ጎኑ ተኝቶ አረፈ የሚለው ጋ ስደርስ እጇን አነሳች።

«በግራ ነው» አለች። «ከልጅነቱ ጀምሮ በግራ ጎኑ ነው የሚተኛው።»

ብዕሬን ነክሬ «በቀኝ» የሚለውን ሰረዝሁና «በግራ» ብዬ ጻፍሁ። እስኪደርቅ ድረስ ቀለሙን አየችው። ከዚያ ተነስታ ቆመች፣ ኩታዋን ዘቀዘቀች፣ አንድ ጊዜ «ገመቹ ኮ» ብላ ጮኸች። ዘመዶቿ ሮጠው ደገፏት። ያ ጩኸት ጣቢያው ድረስ ተሰማ፤ ባቡር ሊሳፈር የመጣ የማያውቃት ሰው ሁሉ ቆቡን አወለቀ። ኦቦ ቱፋ ደብተሩን ከጉልበቴ ላይ በሁለት እጃቸው አነሱትና ይዘው ሄዱ።

በማግስቱ ከሰይድ ጋር አዋሽን ተሻግረን ለልቅሶው ሄድን። ሬሳ የለም፤ ሬሳ በሌለበት የሟቹ ልብስና ዕቃ ነው ሰው ፊት ወጥቶ የሚለቀስበት። ገመቹ የለበሰውን ለብሶ የሄደ ልጅ ነው፤ ቤቱ ውስጥ አንዲት ቁራጭ ጨርቅ አልተወም። በግቢው መካከል አልጋ ዘርግተው ነጭ ኩታ አልብሰውታል፤ ከኩታው በላይ የኔ ሰማያዊ ደብተር ተቀምጧል። ሴቶቹ ዙሪያውን ከበው ደረታቸውን ይመቱ ነበር። አልቃሿ ሙሾ ስታወጣ ሰማሁ፦ ግራኙ፣ ጥርሱን የሚሸፍነው፣ በግራው የሚተኛው። ከሩቅ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ከእንግዶች ጋር ሸሸግ ብዬ ተቀመጥሁ።

አዴ ጫልቱ አየችኝ። ከመካከል ተነስታ ሰዉን እያቋረጠች መጣች፤ ልትረግመኝ ነው ብዬ ተነስቼ ቆምሁ። ፊቷን ነጭታዋለች፣ ድምጿ ጠፍቷል። ቀለም የነካውን እጄን ያዘችው።

«እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለችኝ። «እኔ ከተለየሁት አምስት ዓመት ሆነኝ። ሲያገባ አጠገቡ ነበርህ፣ ሲሞትም አጠገቡ ነበርህ። እንግዳ ነህ እንዴ?»

እጄን ሳትለቅ ይዛኝ ሄደች። ኦቦ ቱፋ ጠጋ አሉልኝና በእሳቸውና በእሷ መካከል፣ ከአልጋው ፊት፣ ዘመድ በሚቀመጥበት መደብ ላይ አስቀመጠችኝ። ከየመንደሩ የሚመጣው ለቀስተኛ መጀመሪያ ለእሷ አጎነበሰ፣ ቀጥሎ ለኔ አጎነበሰ። «እግዜር ያጥናችሁ» ይለናል። እሷ ድምፅ ስላልነበራት መልሱን የምመልሰው እኔ ሆንሁ። «አሜን» እላለሁ፤ ደግሞ ሌላ ይመጣል፤ «አሜን» እላለሁ።